ሻንሲው ዝጓል፤ ይበየድ ወይስ ይቀየር?

ከመኪና ሥር ገብተው ዝገት አይተው የደነገጡ አንባቢያን ጥያቄ ተጠራቅሞብኛል። ስለዚህ ዓምዱ ዛሬ ስለ ሻንሲ ብቻ፣ ማለትም ሞተሩንና ጋቢናውን ስለሚሸከመው የመኪናው የብረት አጽም፣ ያወራል። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜው የገፋ ፒክአፕ አለኝ። ዘይት ለመቀየር ከፍ ሲደረግ ከኋላ ጎማው በላይ፣ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ) የሚታሰርበት አካባቢ፣ ሻንሲው ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኘ። አንዱ በያጅ «ላሜራ ለጥፌበት ዛሬውኑ ትወስደዋለህ» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ይሄ አልቆለታል፣ ሻንሲ ቀይር» አለ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ለጊዜው ማንንም አትስማ። ሁለቱም ቀዳዳውን አይተው ፈረዱ እንጂ ብረቱን አልመረመሩትም። ቀዳዳ ማለት ብረቱ ጨርሶ የተበላበት ቦታ ነው፤ እሱ ላይ የሚያከራክር ነገር የለም። የሚያሳስበው ዙሪያው ነው። ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ያለው ብረት ስንት ሚሊ ቀርቶታል? ሁለት ስንዝርስ ላይ? ይበየድ ወይስ ይቀየር የሚለውን የሚወስነው ጤነኛው ብረት የሚጀምርበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ እጠበው። ጭቃውን በሙሉ አውጣ፣ በተለይ ከሻንሲው ላይኛው ገጽ ላይ የተጋገረውን፣ ምክንያቱም ለወራት እርጥበት ይዞ የሚቆየው እሱ ነው። ሲደርቅ አነስ ያለች መዶሻ ያዝ። ከፊት፣ ከሞተሩ አጠገብ ጀምር፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ አሮጌ መኪና ከሆነ እዚያ አካባቢ ብረቱ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይገኛል (የሚያፈስ ሞተር ያለው ብቸኛ ጥቅም ይሄ ነው)። መታ መታ እያደረግህ ወደ ኋላ ሂድ። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ መዶሻውንም አንጥሮ ይመልሰዋል። የተበላው ድምፁ ይታፈናል፣ መዶሻው እዚያው ይቀራል፣ ቅርፊቱም ንብርብር ንብርብር እየሆነ ይረግፋል። ድምፁ የተለወጠበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርግበት። ከዚያ ምልክቶቹን በአሮጌ ካቻቢቴ ጫን ጫን በላቸው። ካቻቢቴው ከገባ እዚያ ጋ ብረት የለም። የፍሬን ቱቦዎቹን ብቻ አደራ፤ እነሱም ዝገው ከሆነ በአንድ ምት ይፈሳሉ።

ሻንሲህ ቱቦላሬ ከሆነ፣ ማለትም አራቱም ጎኑ የተዘጋ ከሆነ፣ የበለጠ ጠርጥር። ውሃውና ጭቃው በየቀዳዳው ይገባል፣ መውጫው ይደፈናል፣ ዝገቱም ከውስጥ ይበላል። ውጪው ላይ ቀለሙ እንኳ ሳይነካ ውስጡ ሊያልቅ ይችላል። ክፍት የሆነው፣ የ«ሲ» ቅርጽ ያለው ሻንሲ ቢያንስ ሁለቱም ገጹ ይታይልሃል። ቱቦላሬውን ግን በቀዳዳው ትንሽ የኬብል ካሜራ አስገብተህ ማየት አለብህ። የብረት ውፍረት በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያም አለ፤ በአንድ በኩል ብቻ ተነክቶ ስለሚለካ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ጤነኛውን ቦታ ለካ፣ ከዚያ ምልክት ያደረግህባቸውን ለካ፣ አወዳድር። ሦስት ሚሊ የነበረ ብረት ሁለት ሚሊ ከቀረው ሲሶው ሄዷል ማለት ነው፣ ገና ቀዳዳ ሳይታይበት።

አሁን ወደ ውሳኔው። ጉዳቱ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ በሁሉም አቅጣጫ በቅርብ ርቀት ጤነኛ ብረት ካገኘህ፣ ሻንሲውም ካልጎበጠና ካልተጣመመ፣ ብየዳ ደህና መፍትሔ ነው። በተቃራኒው ግራና ቀኙ በተለያየ ቦታ ከተበላ፣ ግራና ቀኙን የሚያገናኙት ተጋዳሚ ብረቶች ከተቀላቀሉበት፣ ወይም ምልክት ስታደርግ ጠመኔው ካለቀብህ፣ ብየዳው ማለቂያ የለውም። አንዱን ስትደፍን አጠገቡ ይቀደዳል፤ አዲሱ ብየዳ የሚይዘው ብረት ስለሌለው። በመሀል ሦስተኛ ምርጫ አለ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ የኋላውን ክፍል ብቻ ቆርጦ በተዘጋጀ አዲስ ክፍል መተካት። ለአንዳንድ ታዋቂ ፒክአፖችና ጂፖች ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ዝገቱ ከጋቢናው ኋላ ብቻ ከሆነ አዋጩ ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ ይሄ የአሮጌና የርካሽ መኪና ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። ቶዮታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በአሜሪካ በቀረበበት የጋራ ክስ ስምምነት ላይ ሲደርስ፣ ጉዳዩ የሻንሲ ዝገት ነበር፤ የ2005–2010 ታኮማ፣ የ2007–2008 ታንድራና የ2005–2008 ሴኮያ። ወደ 1.5 ሚሊዮን መኪና፣ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ ወጪ። ስምምነቱ መኪኖቹ እንዲመረመሩ፣ መስፈርቱን ያሟላ ዝገት የተገኘባቸውም ሻንሲያቸው እንዲቀየር ነበር። ልብ በል፣ ፋብሪካው ሻንሲ እቀይራለሁ አለ እንጂ ላሜራ እለጥፋለሁ አላለም።

ያንተ ቀዳዳ ያለበት ቦታ ደግሞ ቀላል ቦታ አይደለም። የባሌስትራው መያዣ የኋላውን ጭነት ወደ ሻንሲው የሚያስተላልፍበት ነው። እዚያ ጋ የተሳሳተ ብየዳ አክስሉን በጥቂት ሚሊ ቢያዛንፈው መኪናው ወደ ጎን እየጎተተ ጎማ ይበላልሃል። ስለዚህ ከመቁረጡ በፊት ይለካ። ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ፤ ሁለቱ ሰያፍ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። ይጻፍ። ከዚያ ሻንሲው ከሚቆረጠው ቦታ ወደ ፊት ባለውም ወደ ኋላ ባለውም በኩል ጠንካራ መቆሚያ ላይ ይረፍ። ክሪክ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ የተቆረጠ ሻንሲ ይረግባል፤ በረገበበት ከተበየደ ደግሞ ለዘላለሙ እንደዚያው ነው።

ለበያጁ የምትነግረው እንዲህ ነው። የተበላው ይቆረጥ፣ አይሸፈን። ዝገት ላይ የተለጠፈ ላሜራ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ዝገቱን ይደብቃል፣ በሁለቱ መሀልም ውሃ ይይዛል። ቁርጡ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ይሂድ፣ ቀዳዳው በእጥፍ ቢያድግም። የሚገባው ብረት ከሻንሲው ጋር እኩል ውፍረት ይኑረው። «ወፈር ያለ ይሻላል» የሚሉ አሉ፣ ግን በጣም የወፈረ ልጥፍ አይታጠፍም፣ ቀሪው ሻንሲ ይታጠፋል፣ ስንጥቁም ልጥፉ ያለቀበት መስመር ላይ ይመጣል። ከላይ የማጠናከሪያ ብረት የሚደረብ ከሆነ ደግሞ ግራና ቀኝ ጫፉ በሰያፍ ይቆረጥ። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ የብየዳ መስመር ሻንሲውን አንድ ቦታ ላይ ዙሪያውን አቃጠልከው ማለት ነው፤ ሊሰበር ሲፈልግ መስመሩ ተሰምሮ ይጠብቀዋል።

ሥራው ሳይጀመር የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፣ የኮምፒውተሮቹ ሶኬትም ቢነቀል ጥሩ ነው። የማሳው (የብየዳው ከረንት መመለሻ ሽቦ) መቆንጠጫ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ የተፋቀ ብረት ላይ ይያዝ። ማሳውን ሩቅ ካደረገው የብየዳው ከረንት መንገዱን በኩሽኔታ ወይም በሽቦ በኩል ይፈልጋል። የነዳጅ ታንኩ ይውረድ፤ ጨርቅ ከለልኩበት ማለት መከለል አይደለም። ሻንሲው ውስጥ ቀድሞ ሰም ወይም ዘይት ተረጭቶ ከሆነ ከውስጥ ሊነድ ይችላል፣ ስለዚህ እሳት ማጥፊያ የያዘ ሁለተኛ ሰው ይኑር፣ ብየዳው ካለቀ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይሂድ። አንድ ሌላ ነገር፦ ብረቱን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አጥበው ወዲያው የሚበይዱ አሉ። አንዳንዶቹ ስፕሬዮች ክሎሪን ያለባቸው ናቸው፣ የብየዳ ሙቀትና ጨረር ሲያገኛቸው ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል። በግራይንደርና በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ።

«ዛሬውኑ ትወስደዋለህ» ያለህ ሰው ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን ከጨረሰው ንገረኝ።

ጥያቄ፦ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፣ ሥራው ላይ ረጅም ዘመን ቆይቻለሁ። የምነዳው መኪና ከጋቢናው ኋላ፣ ከአንድ የቡሎን ቀዳዳ የተነሳ ስንጥቅ ወደ ታች ወርዷል። ዙሪያው ዝጓል። ሻንሲው ላይ ደግሞ «አትበይድ» የሚል የፋብሪካ ምልክት ተለጥፏል። ባለቤቱ «ተወው፣ ሁሉም ይበይዳል» ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ምልክቱን ይመኑት፣ አባቴ። ያ ጽሑፍ ለጌጥ አልተለጠፈም።

የብዙ ከባድ መኪኖች ሻንሲ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው። ተራ ብረት ተለጥጦ መቅረት የሚጀምረው 250 ሜጋፓስካል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ በሙቀት የጠነከረው የከባድ መኪና ሻንሲ 760 ገደማ ይደርሳል፣ በፋብሪካዎቹ አነጋገር 110,000 ፒ.ኤስ.አይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) የሚባለው ማለት ነው። ሦስት እጥፍ። ያን ጥንካሬ የሰጠው ፋብሪካ ውስጥ በልክ መሞቁና በልክ መቀዝቀዙ ነው። በያጁ ሲያቃጥለው ልኩ ይጠፋል። ብየዳው ራሱ ሊይዝ ይችላል፣ ያምራልም፤ ከጎኑ ያለው ብረት ግን ለስልሷል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲሱ ስንጥቅ ከብየዳው አጠገብ ይታያል፣ ያኔ «ብየዳው እኮ አልለቀቀም» ይባላል። እውነት ነው፣ አልለቀቀም።

ስንጥቁ ወዴት እንደሚሄድም ይመልከቱ። መኪናው ሲጫን በሁለቱ አክስሎች መሀል የሻንሲው የታችኛው ከንፈር (የታጠፈው ጠርዝ) ይሳባል፣ የላይኛው ይጨመቃል። ስንጥቅ የሚሳበውን ይወዳል። ወደ ታችኛው ከንፈር የደረሰ ከሆነ መኪናው ጭነት ይዞ ከዚህ በኋላ አንድ ኪሎ ሜትር መሄድ የለበትም። ባለቤቱ ቢቆጣም።

ምክንያቱም ይፈለግ፣ አለዚያ ተጠግኖም ይመለሳል። ዙሪያው ዝጓል ብለዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ብረት ተደርቦ ይሆን? ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። በሁለት ተደራራቢ ብረቶች መሀል ሲፈጠር በግድ ያለያያቸዋል፣ ቡሎኑን ይለጥጠዋል፣ ከንፈሩን ያጎብጠዋል። ከጎን ሆነው በባትሪ መብራት ቢያዩ ማዕበል መስሎ የተነፋፋ መስመር ይታያል። እንደዚያ ከሆነ ነገሩ የአንድ ስንጥቅ ብቻ አይደለም።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ፋብሪካው በጥገና መጽሐፉ ላይ በሚፈቅደው መሠረት በቡሎን የሚታሰር ማጠናከሪያ ማስገባት ነው። ቡሎኖቹ አዲስ፣ 10.9 የተጻፈባቸው፣ ቀዳዳው ውስጥ የማይወዛወዙ፣ በቶርክ መፍቻ የጠበቁ ይሁኑ። ቀዳዳ የሚበሳው በጎኑ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ከንፈር በትራፓኖ አይነካም። ሁለተኛው ያን ጎን ብረት በሙሉ መቀየር ነው። በራሳቸው መመሪያ ብየዳ የሚፈቅዱ አምራቾችም አሉ፣ ግን ኤሌክትሮዱን (የብየዳ ዘንጉን)፣ ቅድመ ሙቀቱንና ቅደም ተከተሉን በጽሑፍ ይሰጣሉ። በያጁ ያን ወረቀት ካላሳየ አይጀምር።

ስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ መብሳትን እንደ መፍትሔ የሚያቀርቡ አይጠፉም። ስንጥቁን ለጊዜው ሊያቆመው ይችላል። ጥገና ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ ብየዳ በመማር ላይ ያለሁ ሴት ነኝ። የምሠራበት ጋራዥ ያለው 6013 ኤሌክትሮድ ብቻ ነው፣ በሩንም ሻንሲውንም በእሱ ነው የምንበይደው። ለሻንሲ 7018 ግዴታ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ይሄን የጠየቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ በያጅ ነን የሚሉት መጠየቅ ሲገባቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የብየዳው የመሳብ ጥንካሬ ናቸው፤ 60 ማለት 60,000 ፒ.ኤስ.አይ፣ 70 ማለት 70,000። ሦስተኛው 1 በሁሉም አቅጣጫ፣ ወደ ላይም ቢሆን፣ ይበየድበታል ማለት ነው። ትልቁ ልዩነት ግን ያለው ሽፋኑ ላይ ነው። 6013 ለስላሳ ነው፣ በቀላሉ ይጫራል፣ መስመሩ ያምራል፣ ግን ጠልቆ አይገባም። ለላሜራ፣ ለበር፣ ለአጥር ግሩም ነው። 7018 ሃይድሮጅኑ ዝቅተኛ እንዲሆን የተሠራ ነው። ሃይድሮጅን የሚመጣው ከእርጥበት ነው፣ ትኩስ ብረት ውስጥ ይገባና ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ ስንጥቅ ይፈጥራል። ጭነት ለሚሸከም ብረት 7018 የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ግን ተጠንቀቂ፤ እርጥብ 7018 ይዞ «7018 ነው የበየድኩበት» ማለት ራስን ማታለል ነው። ማሸጊያው ከተከፈተ በኋላ ከ120 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ማቆያ ውስጥ ይቀመጣል። ተራው 7018 ውጪ አየር ላይ የሚቆየው ቢበዛ 4 ሰዓት ነው። ማቆያ ከሌላችሁ አነስተኛ ፓኬት ግዙ፣ በከፈታችሁበት ሰዓት ጨርሱ። ማሽናችሁ ዲሲ ከሆነ ኤሌክትሮዱን ፖዘቲቩ ላይ ያዢ።

ቀጭን የፒክአፕ ሻንሲ ላይ ደግሞ እኔ ከሁለቱም ሚግን፣ ማለትም ሽቦው በራሱ እየወጣ በጋዝ ከለላ የሚበይደውን ማሽን፣ እመርጣለሁ። ሙቀቱን መቆጣጠር ይቀላል፣ ጥቀርሻ የለውም። ብቻ ማሽኑ ለውፍረቱ አቅም ይኑረው፣ ነፋስም ጋዙን እንዳይወስድብሽ።

ሻንሲ ከመንካትሽ በፊት ይሄን አድርጊ። ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ቁራጭ ብረት ፈልጊ። ሁለቱን በማዕዘን፣ በአንድ በኩል ብቻ በይጃቸው። ሲበርድ ሞርሳ ላይ እሰሪና በመዶሻ ብየዳው እስኪገነጠል ድረስ አጥፊው። የተሰበረውን ገጽ እይው። አንዱ ብረት ከሥሩ ንጹሕና ለስላሳ ሆኖ ከተላቀቀ ብየዳው ላዩ ላይ ተኝቶ ነበር እንጂ አልገባም። ብረቱን ራሱን ቀዶ ከወጣ ገብቷል። ከውጪ ያማረ መስመር ስንት ሰው እንደሚያታልል ያኔ ታያለሽ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ፒክአፕ ልገዛ ነው። ሻጩ «ሻንሲው ንጹሕ ነው» አለኝ፣ ሳየውም በእርግጥ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያበራል። ጥሩ ምልክት ነው?

መልስ፦ አይደለም። አሮጌ መኪና ሥር የሚያበራ ጥቁር ቀለም ካየህ መዶሻህን አውጣ። ሻጩ እንዳትመታ ከከለከለህ መልሱን አግኝተሃል። ከጎማው በላይ፣ ከነዳጅ ታንኩ በላይና የተጋዳሚ ብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ እጅህን አስገብተህ ዳስስ፤ ቀለም የማይደርስባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። ማግኔትም ያዝ። ስቱኮ ላይ ማግኔት አይጣበቅም፤ ሻንሲን በስቱኮ የሚደፍን ሰው አለ ወይ ካልከኝ፣ አለ።

ጥያቄ፦ የፒክአፔን ሻንሲ ለመቀየር ወስኛለሁ፣ ከተጋጨ ተመሳሳይ መኪና የወጣ አግኝቻለሁ። ምን ልጠንቀቅ? የሻንሲ ቁጥሩስ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ከቁጥሩ ልጀምር፣ ሰው የሚጠመደው እዚያ ነው። አሮጌውን ቁጥር ቆርጠህ አዲሱ ላይ እንዳትበይድ፣ ፍቀህ እንዳትመታበትም። በብዙ አገር ወንጀል ነው፣ መኪናውም የተሰረቀ ይመስላል። የወጣበትን መኪና የባለቤትነት ሰነድና የሽያጭ ወረቀት ያዝ፤ አንድ ቡሎን ሳይፈታ በፊት መኪና የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ሂድና አሠራሩን ጠይቅ። ከተቀየረ በኋላ መሄድ ነገሩን ያከብደዋል።

ከተጋጨ መኪና ነው ብለሃል። እንግዲያው ሰያፉን ለካ፣ ከላይ እንዳልኩት። የፊት ግጭት ከሆነ የፊቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ወይም ወደ ጎን ዞሮ ሊሆን ይችላል፣ በዓይን አይታይም። መዶሻውንም እዚህ ላይ ድገመው፤ ዝገት ለመሸሽ ዝገት መግዛት ይመጣል። በአክስሎቹ መሀል ያለው ርቀት፣ የሞተርና የካምቢዮ መያዣው፣ የጋቢናው መቀመጫ ቦታዎች ከአንተ መኪና ጋር መግጠማቸውን አረጋግጥ። አንድ ስም ያለው መኪና አጭርና ረጅም ጋቢና፣ ሁለት ጎማና አራት ጎማ የሚጎትት እየተባለ ብዙ ዓይነት ሻንሲ አለው።

ሥራው ራሱ ከባድ ሳይሆን ረጅም ነው። ጋቢናው ይነሳል፣ መሪው ይለያያል፣ ሽቦው፣ የፍሬንና የነዳጁ ቱቦ፣ ራዲያተሩ፣ ከዚያ ሞተርና ካምቢዮ። ጊዜ የሚበሉት የጋቢናው ቡሎኖች ናቸው፤ ዝገው በገቡበት የጎማ ትራስ ውስጥ ይዞራሉ። ቀናት ቀደም ብለህ ዘልቆ የሚገባ ዘይት እየደጋገምክ እርጫቸው። ከመፍታትህ በፊት እያንዳንዱን ነገር ፎቶ አንሳ። ሻንሲው እርቃኑን ሲቀር የፍሬን ቱቦዎቹን አዲስ አድርግ፣ እንዲህ ክፍት ሆኖ ዳግም አታገኘውም። ቀለሙንም ያኔ ቀባው፤ መጀመሪያ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ከላይ ቀለም፣ ውስጡን ሰም።

ጥያቄ፦ ብየዳው ካለቀ በኋላ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ብቀባው ዝገት አይመለስብኝም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ትንሽ ይረዳል፣ ብዙ ያበላሻል። ይንጠባጠባል፣ መሬቱን ይበክላል፣ የጎማ ቡሾቹን ያሳብጣል፣ አቧራ ይሰበስባል። የሚቀጥለው በያጅ ደግሞ እሳት ይነሳበታል። ወፍራሙ ጎማ መሳይ ጥቁር ሽፋንም ዝገት ላይ ከተቀባ የከፋ ነው፤ አንድ ቦታ ሲሰነጠቅ ውሃ ከሥሩ ይገባል፣ አይወጣም፣ አንተም አታይም።

የብየዳው ቦታ በግራይንደር ይጽዳ፣ ፕራይመርና ቀለም ይቀባ። ሰው የሚረሳው የውስጡን ነው። ብየዳው ከጀርባው ያለውን ቀለም በሙሉ አቃጥሎታል፣ ባዶ ብረት ነው፣ ዝገት በቶሎ የሚጀምረው እዚያ ነው። ረጅም ቱቦ ያለው የሻንሲ ሰም አለ፤ በቀዳዳዎቹ አስገብተህ እየጎተትክ እርጨው፣ በሌላው ቀዳዳ ጭጋጉ ሲወጣ እስክታይ። መርጨቱ ሲያልቅ የታችኞቹን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ውጋቸው፣ ሰሙ ራሱ ይደፍናቸዋልና። ጨው ጭነህ ወይም ማዳበሪያ ጭነህ በመጣህ ቁጥር በንጹሕ ውሃ ከሥር እጠበው፣ በእነዚያው ቀዳዳዎች በኩል ውስጡንም ጭምር።